ከኤክስተርናል ኤስኤስዲ የሚነሳ ዴቢያን፦ በቤት ላፕቶፕ ይሠራል፣ በኮሌጁ ኮምፒውተር ግን አይነሳም

መምህር_ዘ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኔትወርክ አስተምራለሁ። በቤተ ሙከራችን ያሉት ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው ናቸው፤ በላያቸው ሌላ ነገር መጫንም አይፈቀድም። ስለዚህ የራሴን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በቦርሳዬ ይዤ በሄድኩበት ማሽን ላይ ለማስነሳት በማሰብ፣ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ አስገብቼ ዴቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩበት። ይህ ለሙከራ ከፍላሽ የሚከፈተው ዓይነት ሳይሆን፣ ልክ በውስጥ ዲስክ ላይ እንደሚደረገው የተሟላ ጭነት ነው። የጫንኩትም ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ ሲሆን፣ እሱም በውስጥ ዲስኩ ላይ የራሱ ዊንዶውስ 11 አለው።

ድራይቩን ቤት ሰክቼ ላፕቶፑን ስከፍት የግሩብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ምርጫ ገጽ ይመጣል፣ ዴቢያንም ያለ ምንም እንከን ይነሳል። ወደ ኮሌጁ ወስጄ ከዴስክቶፖቹ በአንዱ ላይ ስሰካው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ የባዮሱን የይለፍ ቃል አስገብተው ከዩኤስቢ መነሳትን ፈቅደውልኛል፤ ኤፍ12 ተጭኜ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥም ድራይቩ በስሙ ይታያል። ስመርጠው ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ተመልሶ ያንኑ ዝርዝር ያሳየኛል። የስህተት መልእክት የለም፣ የግሩብ ገጽም አይመጣም። ኬብሉን ቀይሬያለሁ፤ የሰካሁበትንም ፖርት ቀይሬያለሁ። ሴኪዩር ቡት (የታመነ ፊርማ የሌለው የማስነሻ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) በሁለቱም ማሽኖች ላይ እንደበራ ነው። ድራይቩ ደህና መሆኑን ቤት ላይ እያየሁ እዚህ የማይነሳበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።


ባለጥገናው

መምህር፣ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ሱቃችን ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የኃይል አቅርቦቱን ነው። የዴስክቶፕ የፊት ፖርቶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በኬዙ ውስጥ በሚያልፍ ሽቦ ስለሆነ፣ ሽቦው ርካሽ ከሆነ ዳታው ይቆራረጣል፣ ኃይሉም ይደክማል። በደረጃው መሠረት ዩኤስቢ 2 እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ኤስኤስዲ ብዙውን ጊዜ በዚህ ይብቃቃል፤ የሚሽከረከር የ2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ቢሆን ኖሮ ግን ሞተሩ ሲነሳ ከዚህ በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ "ይታያል ግን አይነሳም" የሚለው ነገር ከዚያ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ከኋላው ፖርት ላይ ይሰኩት።

ሁለተኛ፣ ባዮሱ ውስጥ "ፋስት ቡት" የሚባለው በርቶ ከሆነ ያጥፉት። ማሽኑ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የዩኤስቢ ዕቃዎችን በሙሉ ሳይፈትሽ የሚያልፍበት ሁኔታ አለ። ድራይቩ በዝርዝሩ ላይ ስለሚታይዎ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም፣ መሞከሩ ምንም አያስከፍልም።

ሌላው የኬዙ ነገር ነው። በየሱቁ የሚሸጡት ኬዞች አብዛኞቹ ስም የላቸውም፤ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ኬዝ ካለው ተውሰው ይሞክሩት።


ናሁ_ቴክ

ይህን ያህል ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ሴኪዩር ቡትን ያጥፉ፣ የማስነሻውን ሁኔታ ከዩኢኤፍአይ (ከአዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ወደ ሌጋሲ (ወደ አሮጌው የባዮስ ዘዴ) ይቀይሩ፣ ከዚያ ይነሳል። እኔ በቆዩ ማሽኖች ላይ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው፤ ያልሠራበትም ጊዜ የለም።


ኩራዝ

ናሁ_ቴክ፣ ምክርዎ በቅን ልብ የተሰጠ ነው፤ ለዚህ ችግር ግን አይሆንም፤ ይባስ ብሎ ሌላ ችግር ሊጎትት ይችላል። አንደኛ፣ መምህር ዴቢያንን የጫኑት በዩኢኤፍአይ በተነሳ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሌጋሲ ባዮስ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ሲሆን፣ እንዲህ በተጫነ ዲስክ ላይ ደግሞ በዚያ ቦታ የሚሠራ የማስነሻ ፕሮግራም አይገኝም። ሁለተኛ፣ ሌጋሲ የሚባለው ነገር ራሱ እየቀረ ነው፤ ኢንቴል ይህን ድጋፍ እስከ 2020 ድረስ ለማስቀረት ማቀዱን ያስታወቀው በ2017 ነው። ዊንዶውስ 11ን ይዘው በመጡ ብዙ ማሽኖች ላይ ምርጫውን ፈልገው አያገኙትም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። የኮሌጁ ማሽኖች ዲስካቸው በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ) ተመስጥሮ ከሆነ፣ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ዊንዶውሱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ቁልፉን የያዘ ሰው በአቅራቢያ ከሌለ፣ የአንድ መምህር ሙከራ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ሥራ አስተጓጎለ ማለት ነው። ደግሞም ዴቢያን ከ2019 ጀምሮ፣ ማለትም ከ10ኛው እትም ወዲህ፣ ሴኪዩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ ይነሳል። ሴኪዩር ቡት ከልክሎ ቢሆን ኖሮም፣ በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ የደኅንነት ጥሰትን የሚገልጽ መልእክት ይታይ ነበር እንጂ እንዲህ በዝምታ ወደ ዝርዝሩ አይመለስም ነበር።

መምህር፣ ከመገመት ይልቅ እንይ። ቤት ሲገቡ ድራይቩን ነቅለው ላፕቶፑን ብቻውን ያስነሱትና ምን እንደሚል ይንገሩን። ከዚያ ድራይቩን ሰክተው ዴቢያን ውስጥ ይግቡና ኤልኤስቢኤልኬ በሚባለው ትእዛዝ የዲስኮቹን ዝርዝር አውጥተው፣ ቡት በሚለው ፎልደር ሥር ያለው ኢኤፍአይ የየትኛው ዲስክ ፓርቲሽን እንደሆነ ይመልከቱ። እዚያው ውስጥ ያሉትንም ፎልደሮች ስም ይጻፉልን።


መምህር_ዘ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለጥገናው እንዳሉት ከኋላው ፖርት ላይ ሰክቼ፣ ፋስት ቡትንም አስጠፍቼ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም።

የኩራዝ ጥያቄ ግን ያላሰብኩትን ነገር አሳየኝ። ድራይቩ ከጭነቱ ጀምሮ ከላፕቶፑ ተለይቶ የሚያውቀው ወደ ኮሌጅ ሲሄድ ብቻ ስለነበር፣ ላፕቶፑን ያለ እሱ አስነስቼው አላውቅም ነበር። አሁን ነቅዬ ስከፍተው፣ በጥቁር ስክሪን ላይ ግሩብ የሚል ቃልና ከፊቱ የቀኝ ቀስት ብቻ ይዞ ቆመ። ዊንዶውሱ አልመጣም። ከትንሽ ድንጋጤ በኋላ "ኤግዚት" ብዬ ስጽፍለት ወደ ዊንዶውስ አለፈ።

ዴቢያን ውስጥ ገብቼ ስመለከት ደግሞ፣ ያሉኝ ፓርቲሽን ከኤክስተርናሉ ላይ አይደለም። ከላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ የመጀመሪያው ባለ 100 ሜጋባይት ፓርቲሽን ነው። ውስጡ ሦስት ፎልደሮች አሉ፤ ቡት፣ ዴቢያን እና ማይክሮሶፍት። በኤክስተርናሉ ላይም 512 ሜጋባይት የሆነ የፋት32 ፓርቲሽን አለ፤ ከፍቼ ሳየው ግን ባዶ ነው። ሲጫን "ሙሉውን ዲስክ ተጠቀም" ብዬ የመረጥኩት ኤክስተርናሉን እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።


ኩራዝ

እንግዲህ ምክንያቱ ይኸው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ማይክሮሶፍት የሚል ፎልደር መኖሩ ብቻውን ይናገራል፤ በኤክስተርናል ድራይቭዎ ላይ ዊንዶውስ ተጭኖ አያውቅምና።

በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ የማስነሻ ፕሮግራሙ የሚቀመጠው ኢኤስፒ በሚባል በፋት በተቀረጸ ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ነው። አንዳንድ የሊኑክስ ጫኚዎች ከአንድ በላይ ኢኤስፒ ሲያገኙ፣ ተጠቃሚው የመረጠው ዲስክ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ቀድሞ ያገኙትን የውስጥ ዲስኩን ኢኤስፒ የመጠቀም የቆየ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ የእርስዎ ዴቢያን ሙሉ አካሉ በኤክስተርናሉ ላይ ሆኖ፣ ግሩብ ግን ላፕቶፑ ውስጥ ቀርቷል። የቤቱን ቁልፍ ጎረቤት ጋ ትቶ አገር አቋርጦ እንደ መሄድ ነው። ላፕቶፑ ድራይቩ ሲነቀል በግሩብ መስመር ላይ የሚቆመውም ስለዚህ ነው፤ ግሩብ ይነሳል፣ ነገር ግን የሚፈልጋቸው ፋይሎች በተነቀለው ዲስክ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ የማሽኑ ማስታወሻ ነው። ሥርዓቱ ሲጫን በማዘርቦርዱ ማህደረ ትውስታ ላይ "ዴቢያን የሚነሳው ከዚህ ዲስክ፣ ከዚህ ፋይል ነው" የሚል መግቢያ ተጽፏል። ያ ጽሑፍ የላፕቶፑ ንብረት ነው፤ ድራይቩ ይዞት አይሄድም። የኮሌጁ ኮምፒውተር ስለ ድራይቭዎ የተጻፈ ምንም ነገር ስለሌለው፣ በዩኢኤፍአይ ደንብ መሠረት በድራይቩ ኢኤስፒ ላይ አንድ ስሙ የተወሰነ ፋይል ብቻ ይፈልጋል፤ ኢኤፍአይ በሚለው ፎልደር ሥር፣ ቡት በሚለው ውስጥ፣ ቡትኤክስ64 የሚባለውን። ሲያጣው ምንም ሳይል ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል። ተንቀሳቃሽ ድራይቭ በማንኛውም ባለ 64 ቢት ፒሲ ላይ እንዲነሳ ከተፈለገ ይህ ፋይል በራሱ ላይ መኖር አለበት፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ዴቢያን ቤት ላይ ስለሚነሳ፣ እዚያው ውስጥ ሆነው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሥሩ። መጀመሪያ አሁን የተያያዘውን የውስጥ ዲስኩን ኢኤስፒ ያላቅቁት። ቀጥሎ ብሎክአይዲ በሚባለው ትእዛዝ የኤክስተርናሉን ባለ 512 ሜጋባይት ፓርቲሽን መለያ ያውጡ፤ የፋት መለያ አጭር ስለሆነ ያውቁታል፣ በመሐሉ ሰረዝ ያለበት እንደ 4107-9925 ያለ 8 ሆሄ ነው። ከዚያ የትኛው ፓርቲሽን የት እንደሚያያዝ የሚዘረዝረውን ኤፍኤስታብ የሚባለውን ፋይል ከፍተው የቡት ኢኤፍአይ መስመር ላይ ያለውን የድሮ መለያ በዚህ ይተኩና እንደገና ያያይዙት። ይህችን መስመር የሚዘሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከተዘለለች ግን ቀጣዩ የግሩብ ማሻሻያ ተመልሶ ወደ ላፕቶፑ ይጽፋል።

አሁን ግሩብ-ኢንስቶልን ያሂዱ፤ ከሁለት አማራጮች ጋር። አንደኛው "ፎርስ ኤክስትራ ሪሙቨብል" የሚባለው ሲሆን፣ በዴቢያን ፎልደር ከሚጻፈው ቅጂ በተጨማሪ ያችን የተወሰነች ፋይል በቡት ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥልዎ እሱ ነው። ሌላው "ኖ ኤንቪራም" ነው፤ በላፕቶፑ ማስታወሻ ላይ አዲስ መግቢያ እንዳይጽፍ ያደርገዋል። ሲጨርስ ኢኤስፒውን ከፍተው ቡትኤክስ64 መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ሴኪዩር ቡት ስለበራ፣ ሺም ሳይንድ (ሺም ማለት ሴኪዩር ቡት የሚቀበለውና ግሩብን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው) እና የግሩብ ሳይንድ ፓኬጆች መጫናቸውንም ያረጋግጡ።

የላፕቶፑን ጽዳት ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ድራይቩ በሌላ ማሽን ላይ መነሳቱን ሳያዩ አሁን ያለችውን መንገድ አይዝጉ።


ሐይቅ_ዳር

በመሐል ስለገባሁ ይቅርታ፤ ጉዳዩ ግን የተገናኘ ይመስለኛል። እኔ ጋ ያለው የቆየ የሊኑክስ ፍላሽ ድሮ በላፕቶፔ ላይ በደንብ ይነሳ ነበር። አሁን ግን ኤስባት የሚል ቃል ያለበት የደኅንነት ፖሊሲ ጥሰት መልእክት ያሳይና ማሽኑ ይጠፋል። ፋይሉ ቡትኤክስ64 በቦታው አለ። የእኔስ ከምን የመጣ ነው?


ኩራዝ

የእርስዎ የተለየ ነው፤ በእርስዎ ማሽን ላይ ከልካዩ በእርግጥ ሴኪዩር ቡት ነው። በነሐሴ 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ያለባቸው የቆዩ የማስነሻ ፕሮግራሞች እንዳይነሱ የሚያግድ ኤስባት የሚባል መረጃ በማሽኖች ላይ ጽፏል። ሊኑክስ ጎን ለጎን የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች መንካት አልነበረበትም፤ የነካቸው ግን ብዙ ናቸው። በፍላሽዎ ላይ ያለው ሺም ከታገዱት ውስጥ ስለሆነ ይመስላል። ቀላሉና ትክክለኛው መንገድ የሥርዓቱን አዲስ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) አውርደው ፍላሹን እንደገና ማዘጋጀት ነው። እገዳውን ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ ማንሳት ቢቻልም፣ የቆየ ፍላሽን ለማዳን ሲባል የማሽኑን ጥበቃ ወደ ኋላ መመለስ ያስኬዳል ብዬ አላስብም።


መምህር_ዘ

የተባልኩትን በሙሉ በቅደም ተከተሉ ፈጸምኩ። ኤፍኤስታብ ውስጥ የነበረው መለያ በእርግጥ የውስጥ ዲስኩ ነበር። ግሩብ-ኢንስቶል ያለ ስህተት ጨረሰ፣ ባዶ የነበረው ፓርቲሽን ላይም ቡት እና ዴቢያን የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ታዩ።

ዛሬ ጠዋት ኮሌጅ ወስጄ ሰካሁት። ሴኪዩር ቡት እንደበራ፣ ባዮሱ ውስጥ ምንም ሳይነካ፣ የግሩብ ገጽ መጣ! ኩራዝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሁን እንጂ ደስታዬ አልቆየም። ዴቢያንን ስመርጥ ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) መጫን ይጀምራል፣ ጥቂት መስመሮች ያልፋሉ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ፀጥ ይላል። በመጨረሻም የዋናው ፓርቲሽን መለያ "የለም" የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ቃል በቅንፍ ካሳየኝ በኋላ ትእዛዝ ይጠብቃል። መለያውን ከጻፍኩት ማስታወሻ ጋር አመሳከርኩት፤ አንድም ሆሄ አልተለወጠም። ቤት ላይ ይህ ችግር በጭራሽ የለም።


ባለጥገናው

አሁን ወደ እኔ ሠፈር መጣችሁ። መምህር፣ ያ መልእክት "መለያው ተሳስቷል" የሚል ይምሰል እንጂ፣ በአብዛኛው የሚለው "ዲስኩን አላየሁትም" ነው። ግሩብ ከዚያው ዲስክ ላይ ከርነሉን አንብቦ እንደጫነ አስተውሉ፤ ስለዚህ ዲስኩ ሞቶ አይደለም። ልዩነቱ፣ ግሩብ ዲስኩን የሚያነበው በማዘርቦርዱ ፈርምዌር በኩል ሲሆን፣ ከርነሉ ግን ሥራውን ሲረከብ በራሱ ሾፌር ከዜሮ ይጀምራል። ዲስኩ የጠፋው በዚህ ርክክብ ላይ ነው።

ለዚህ ሁለት የታወቁ ምክንያቶች አሉ። አንዱ፣ ሲጫን በኢኒትራምኤፍኤሱ (ዋናው ፓርቲሽን እስኪገኝ ከርነሉ የሚጠቀምበት ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት) ውስጥ "ለዚህ ማሽን የሚያስፈልጉትን ሾፌሮች ብቻ" የሚለው ተመርጦ ከሆነ፣ የላፕቶፑ ሾፌሮች ብቻ ገብተው የዴስክቶፑ ይቀራሉ። ከተማ ለከተማ የሚዞር ድራይቭ ላይ "ሁሉንም" የሚለው ነው መኖር ያለበት፤ የኢኒትራምኤፍኤስ ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ሞጁልስ ከሚለው ፊት "ሞስት" የሚል መሆኑን ያዩበታል። በመደበኛው ጭነት የሚመጣው ይኸው ስለሆነ፣ ካልነኩት ችግር የለም።

ሌላው የእኔ ጥርጣሬ ነው፤ ኬዙ። አዳዲስ ኬዞች ዩኤኤስ በሚባል ፈጣን የመገናኛ ዘዴ እንሠራለን ይላሉ፣ ግን በውስጣቸው ያለው ቺፕ ዘዴውን በትክክል የማይተገብርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአንዱ ማሽን የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ጋር ተስማምቶ፣ ከሌላው ጋር ይጣላል። እዚያው የቆመበት ቦታ ላይ ዲሜሴጅ ብለው ይጻፉና የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። ዩኤኤስ እና አቦርት የሚሉ ቃላት፣ ከነሱም መሐል "ሪሴት ሱፐርስፒድ ዩኤስቢ" የሚል እየተደጋገመ ካዩ፣ ጉዳዩ አለቀ።

እንደዚያ ከሆነ፣ ቤት ሄደው ኤልኤስዩኤስቢ በሚለው ትእዛዝ የኬዙን መለያ ያውጡ፤ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ባለ 4 ሆሄ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ከዚያ በግሩብ ገጽ ላይ የእንግሊዝኛውን ኢ ፊደል ተጭነው፣ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ የዩኤስቢ ስቶሬጅ ክዊርክስ የሚባለውን አማራጭ፣ እኩል ይሆናል ምልክት፣ መለያውን፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ነጥብና ትንሿን ዩ ፊደል ይጨምሩ። ዩ ማለት "ለዚህ ዕቃ ዩኤኤስን አትጠቀም" ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚጻፈው ለአንድ ጊዜ መነሳት ብቻ ስለሆነ ቢሳሳቱም የሚበላሽ ነገር የለም። ከሠራ፣ የግሩብ ነባሪ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ጽፈው አፕዴት-ግሩብ ሲያደርጉ ቋሚ ይሆናል።

ፍጥነቱ በመጠኑ ይቀንሳል። እኔ ብሆን የሚታመን ኬዝ እገዛለሁ፤ እስከዚያው ግን ይህ ያሠራዎታል።


መምህር_ዘ

ባለጥገናው ያሉት ቃል በቃል ሆነ። ስክሪኑ ላይ የአቦርትና የሪሴት መስመሮች እየተፈራረቁ ወርደዋል። ሞጁልስ ከሚለው ፊት ያለው "ሞስት" ስለሆነ እሱን አልነካሁትም። የኬዙን መለያ በግሩብ መስመር ላይ ጨምሬ ሳስነሳው፣ በዚያው ዴስክቶፕ ላይ እስከ መግቢያው ገጽ ያለ ማቋረጥ ደረሰ። ጎኑ ባሉት ማሽኖችም ላይ ተነስቷል። አሁን ቋሚ አድርጌዋለሁ።

የቀረኝ ላፕቶፑን ማጽዳት ነው። የዴቢያን ፎልደርን ከውስጥ ዲስኩ ኢኤስፒ ላይ ብሰርዝ ይበቃል?


ኩራዝ

ፎልደሩን ብቻ ቢሰርዙ መግቢያው በማዘርቦርዱ ላይ ይቀራል፤ ሁለቱም መነሳት አለባቸው። ከሁሉ በፊት የላፕቶፑ ዊንዶውስ በቢትሎከር ተመስጥሮ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ከሆነ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን አውጥተው ከላፕቶፑ ውጭ ያስቀምጡ፣ ጥበቃውንም ለጊዜው ያግዱት። ከዚያ ዴቢያን ውስጥ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር የሚባለውን ትእዛዝ በዝርዝር አማራጩ ያሂዱት። እያንዳንዱ መግቢያ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለው፤ ከስሙ ቀጥሎም የሚያመለክተው ፓርቲሽን መለያ ተጽፎ ይታያል። የውስጥ ዲስኩን የሚያመለክተውን የዴቢያን መግቢያ በቁጥሩ ጠርተው ይሰርዙት፣ የዊንዶውስ ቡት ማናጀርንም ከተራው ፊት ያድርጉት። በመጨረሻ የውስጥ ዲስኩን ኢኤስፒ ለብቻው አያይዘው ዴቢያን የሚለውን ፎልደር ብቻ ያንሱ። ማይክሮሶፍት እና ቡት የሚሉትን አይንኳቸው።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፑ ድራይቩ ቢሰካም ባይሰካም ወደ ዊንዶውስ ይሄዳል። ዴቢያንን ሲፈልጉ እንደ ኮሌጁ ሁሉ ከማስነሻ ዝርዝሩ ይመርጡታል።


ናሁ_ቴክ

ይህን ክር ተከታትዬ ብዙ ነገር አግኝቼበታለሁ። ታዲያ በዚሁ መንገድ ዊንዶውስን ራሱን በኤክስተርናል ድራይቭ ላይ ጭኖ ማዞር ይቻላል?


ሐይቅ_ዳር

እኔ ይህን ስለሞከርኩት ልመልስ። መደበኛው የዊንዶውስ ጫኚ በዩኤስቢ የተገናኘ ዲስክን ሲመርጡለት፣ በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ መጫን እንደማይደገፍ ገልጾ እምቢ ይላል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ዊንዶውስ ቱ ጎ የሚባል ነገር ነበረው፤ ከዊንዶውስ 8 የኢንተርፕራይዝ እትም ጋር በ2012 መጥቶ፣ በ2020 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ላይ ቀርቷል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ነው፤ አይኤስኦውን ሲመርጡለት በዚሁ በዊንዶውስ ቱ ጎ ስም ድራይቩን ያዘጋጅልዎታል። ይሠራል፤ ነገር ግን በተራ ፍላሽ ላይ ለመጠቀም የሚያስችል ፍጥነት የለውም፣ ኤስኤስዲ የግድ ነው። በአንዱ ማሽን ላይ የነቃ ፈቃድም በሌላው ላይ እንደገና ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ለመምህር ዓይነት ሥራ ሊኑክሱ ይቀላል።


መምህር_ዘ

ላፕቶፑ ጸድቷል፤ ድራይቩ ሲነቀል በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይገባል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ወደፊት የግሩብ ፓኬጅ ሲሻሻል በዴቢያን ፎልደር ያለው ቅጂ ታድሶ፣ በቡት ፎልደር ውስጥ ያለው ቡትኤክስ64 አሮጌ ሆኖ አይቀርም? የሐይቅ_ዳርን የኤስባት ነገር ሳነብ ነው ይህ ያሳሰበኝ።


ኩራዝ

በትክክል ያስቡት ነገር ነው፤ በእጅ የተሰጠ አማራጭን ፓኬጁ በራሱ አያስታውሰውም። ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር በሚለው ትእዛዝ የግሩብ ኢኤፍአይ ፓኬጅን እንደገና ያዋቅሩት። ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ በተንቀሳቃሽ ሚዲያው መንገድ ላይ ተጨማሪ ቅጂ በግድ ይቀመጥ እንደሆነ የሚጠይቀው ነው፤ ለእሱ "አዎ" ይበሉ። ሌላው ደግሞ በማዘርቦርዱ ማስታወሻ ላይ መግቢያ ይጻፍ ወይ የሚል ነው፤ ድራይቩ በየማሽኑ ስለሚዞር ለእሱ "አይሆንም" ይበሉ። ከዚያ በኋላ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ቅጂዎች አብረው ይታደሳሉ።


መምህር_ዘ

ሁለቱንም እንዳሉኝ መለስኩ። የቡትኤክስ64 ፋይል ቀን ወደ ዛሬ ተቀይሯል፤ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር ላይም አዲስ መግቢያ አልተጨመረም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ድራይቩ ሲነሳ ከጎኔ ቆመው ካዩ በኋላ፣ ኤፍ12 ሲጫን የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ በሁሉም ማሽኖች ላይ አድርገውታል፤ ተማሪዎቹም አይተው ነበርና።